የሚናከስ በቀቀን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በየቤቱ በብዛት ለሚገኙት ዝርያዎች የሚሠሩ ናቸው፦ ለባጂ፣ ለኮካቲየል፣ ለላቭበርድ፣ ለአማዞን እና ዓረብ አገር «ካስኮ» ለሚባለው ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን። ባጂ ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ስለሚመዝን ቢነክስም ቆንጠጥ ከማድረግ ብዙም አያልፍም። 450 ግራም የሚመዝነው ካስኮ ግን ጠንካራ የፍሬ ቅርፊት በሚሰብርበት ምንቃሩ ጣት ይበሳል። ጉዳቱ ይለያይ እንጂ ምክንያቱም መፍትሔውም ተመሳሳይ ነው።

በቀቀኔ ክፉ ሆነብኝ። ለምንድን ነው የሚነክሰው?

ክፋት አይደለም። ወይ ፈርቷል፣ ወይ የእኔ የሚለውን ቦታ ወይም ሰው እየጠበቀ ነው፣ ወይ አሞታል፣ ወይ ደግሞ መንከስ እንደሚያዋጣ ተምሯል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ነካሽ የሚባለው በቀቀን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ እጅ ሲቀርበው ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፤ ሰውየው ልብ አይልም። ቀጥሎ አፉን ይከፍታል፤ ሰውየው «አይዞህ» እያለ እጁን ያስጠጋል። በመጨረሻ ይነክሳል፤ ያኔ እጁ ወዲያው ይወጣል። ወፉ ከዚህ የሚማረው ግልጽ ነው፦ መሸሽም አፍ መክፈትም የሚሰማው የለም፣ መንከስ ግን ይሠራል። ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ማስጠንቀቂያውን ትቶ በቀጥታ መንከስ ይጀምራል።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት የሚቀድመው ደብተር ነው። ለአንድ ሳምንት እያንዳንዱን ንክሻ ይመዝግቡ። ከመንከሱ በፊት ምን ነበር? ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ እጁ ላይ ምን ይዞ? ከነከሰ በኋላስ ወፉ ምን አገኘ፣ ከምንስ ተገላገለ? «ዝም ብሎ ነው የሚነክሰው» ይል የነበረ ሰው ብዙ ጊዜ ደብተሩን ሲያገላብጥ ንክሻው ሁሉ ማታ ወደ ኬጅ (ወደ ሽቦ ቤቱ) በሚመለስበት ሰዓት ላይ ተከማችቶ ያገኘዋል።

ሊነክስ ሲል ምን ምልክት ያሳያል?

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያመልጠው ምልክት ዝምታ ነው። ሲበላ ወይም ሲጫወት የነበረ ወፍ በድንገት ሁሉንም አቁሞ ድርቅ ካለ፣ እጅዎን ባለበት ያቁሙ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ጩኸትና ክንፍ ማርገብገብ ነው፤ ከከባዱ ንክሻ በፊት የሚመጣው ግን ይህ ጸጥታ ነው።

የቀረው እንደ ዝርያው ነው። አማዞን የዓይኑ ብሌን ቶሎ ቶሎ ይጠባል ይሰፋል፤ ጅራቱን እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ የማጅራቱ ላባ ይቆማል። ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ደስ ብሎትም ይሁን ተናዶ ለውጥ የለውም፤ በዚያ ሰዓት የሚቀርበውን ሁሉ ይነክሳል። ካስኮ ሲፈራ ላባውን ከሰውነቱ ጋር አጣብቆ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ከባሰበት ያጉረመርማል። ኮካቲየል ቁንጮውን ወደ ኋላ ልጥፍ አድርጎ እንደ እባብ ካፏጨ ማስጠንቀቁ ነው፤ ቁንጮው ሽቅብ ቀጥ ካለ ደግሞ ደንግጧል። ላቭበርድ ብዙ አያስጠነቅቅም፤ አንገቱን ዝቅ፣ ምንቃሩን ከፈት አድርጎ እየሮጠ ይመጣል።

አንድ አታላይ ሁኔታም አለ። ራሱን ደፍቶ የአንገቱን ላባ የነፋ ወፍ «እከኩኝ» ማለቱ ነው፤ እየታከከ ሳለ ግን ሲበቃው ዞር ብሎ ይነክሳል። 10 ሰከንድ ያህል አክከው እጅዎን ያንሡ። ራሱን መልሶ ከደፋ ይቀጥሉ፤ ካልደፋ በቅቶታል።

እጄ ላይ ሲወጣ ሁልጊዜ መጀመሪያ በምንቃሩ ይይዘኛል። ይህም ንክሻ ነው?

አይደለም። በቀቀን ምንቃሩን እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል፤ ወደማያውቀው ቅርንጫፍ ከመሻገሩ በፊት ይሸከመኝ እንደሆነ ብሎ ጨበጥ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ሰው ደንግጦ እጁን ሲስብ ወፉ ሊወድቅ ይደርሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እጁን አያምንም፣ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ብዙ ንክሻ የሚጀምረው ከዚህች ጥቃቅን ስህተት ነው። እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ ይጠብቁት። ፍርሃት ካለብዎት በእጅዎ ፋንታ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለውና 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም እንጨት ያቅርቡለት፤ እሱም ያው ይማራል፣ እርስዎም አይሳቀቁም።

ጫጩቶች ደግሞ የሚያገኙትን ሁሉ እንደ ሕፃን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ጠንክሮ ሲይዝ ጣትዎን በለስላሳ እንጨት፣ በካርቶን ቁራጭ ወይም በቆዳ ጠፍር ይተኩለት። ጣት የሚጫወቱበት ነገር እንዳልሆነ የሚማረው በዚህ ዕድሜው ነው።

ነክሶ አልለቅም ቢለኝ ምን ላድርግ?

ጣትዎን አይሳቡ። ምንቃሩ ጠማማ ስለሆነ ሲስቡት ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛ ወይም ወደ ሶፋ ያውርዱና እግሩ ጠንካራ ነገር እንዲረግጥ ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ያኔ ይለቃሉ። ካልለቀቀ በሌላ እጅዎ ማንኪያ ወይም ቁልፍ ያሳዩት። ከለቀቀ በኋላ አይጩኹ፣ አይገሥጹት፣ ዓይን ለዓይንም አይፋጠጡት፤ ባለበት ትተውት ለአንድ ደቂቃ ያህል ዞር ይበሉ። ጩኸት ለአንዳንድ በቀቀን ማስፈራሪያ፣ ለሌላው ደግሞ ጥሩ መዝናኛ ነው፤ ሁለቱም አይጠቅምዎትም።

ወዲያውኑ ወደ ኬጅ መመለስም አንመክርም። መግባት ፈልጎ ከሆነ የነከሰው፣ ሸለሙት ማለት ነው። መግባት ካልፈለገ ደግሞ ኬጁን እስር ቤት አደረጉበት፤ ነገ ለማስገባት ሲሞክሩ ሌላ ንክሻ ይጠብቅዎታል።

«ቢነክስህም ንቅንቅ አትበል፣ አለቃው ማን እንደሆነ አሳየው» ይባላል። ትክክል ነው?

ይህ ምክር ያበላሸው በቀቀን ብዙ ነው። በቀቀን እንደ ጦር ሠራዊት በማዕረግ የሚተዳደር እንስሳ አይደለም። ትከሻ ላይ ወይም ከፍታ ላይ መቀመጡም የበላይነት ስሜት አይሰጠውም፤ ከፍ ሲል ደህንነት ስለሚሰማው ነው የሚወጣው። (ነካሽ ወፍ ትከሻ ላይ አይቀመጥ የምንለው በሌላ ምክንያት ነው፤ ፊቱን አያዩትም፣ ዓይንዎና ጆሮዎ ደግሞ አጠገቡ ናቸው።) ንክሻ ችሎ መቆም ወፉን የሚያስተምረው ጠንክሮ መንከስን ነው።

ሌሎቹም ልማዶች ከዚህ አይሻሉም። ምንቃሩን ጠቅ ማድረግ እጅ ጠላት መሆኑን ያረጋግጥለታል። ውሃ ከረጩበት ገላውን መታጠብ ይጠላል። የተቀመጠበትን እጅ ማነቃነቅ እጁን እንዳያምን ያደርገዋል። ወፍራም ጓንት እርስዎን ይከላከላል፣ ወፉን ግን ያሸብራል፤ ጓንቱን ያወለቁ ዕለት ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ክንፍ መቁረጥ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በርሮ መሸሽ የሚችል ወፍ በርሮ ይሸሻል፣ የማይችል ግን የቀረው መሣሪያ ምንቃሩ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ላስተምረው?

በጉርሻ። መጀመሪያ ጉርሻው ምን እንደሆነ ይወቁ፦ በሰሃን ላይ ቅርፊቱ የተነሣ የሱፍ አበባ ፍሬ፣ ጨው የሌለው የተቆላ ለውዝ፣ የዋልነት ቁራጭና የፖም ቁራጭ ያቅርቡለት። ሁለት ሦስት ቀን ደጋግመው ሲሞክሩት ቀድሞ የሚያነሣው እሱ ነው። ለባጂና ለኮካቲየል ብዙውን ጊዜ የሚሌት (ዳጉሳ መሰል ደቃቅ እህል) ዘለላን የሚያህል የለም። ያንን ምግብ ከዕለት ሰሃኑ ፈጽመው ያውጡት፤ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘውን ነገር ከእጅዎ ለማግኘት አይደክምም። ማስራብ ግን አያስፈልግም፣ አደገኛም ነው። ከቁርስ በፊት ያለው ሰዓት በቂ ፍላጎት አለው። ለትልቁ ወፍ የአተር ግማሽ የሚያህል ቁራጭ፣ ለትንሹ ሁለት ሦስት የሚሌት ቅንጣት ይበቃል፤ ቁራጩ ከበዛ ቶሎ ይጠግባል።

የመጀመሪያው ሳምንት እጅ የማይገባበት ነው። በኬጁ አጠገብ ባለፉ ቁጥር አንዲት ጉርሻ በሰሃኑ ውስጥ ጣል አድርገው ይሂዱ። አያናግሩት፣ አይቁሙ። በቀን 10 ጊዜ ያህል ይበቃል። ሲመጡ የሚሸሽ የነበረው ወፍ ወደ ፊት መጥቶ መጠበቅ ከጀመረ ቀጣዩ ይጀመራል። አንዳንዱ በ3 ቀን ይደርሳል፣ በእጅ ብዙ የተሠቃየ ደግሞ ወር ሊፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ 25 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀጭን እንጨት ይያዙ። ጫፉን በኬጁ ሽቦ በኩል ከምንቃሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ያሳዩት። በምንቃሩ ነካ ሲያደርገው በዚያችው ቅጽበት «ጎሽ!» ይበሉና ጉርሻውን ይስጡ። ቃሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጉርሻው በ2 ሰከንድ ውስጥ ይድረስ። ከዘገየ ወፉ የተሸለመው ለመንካቱ ይሁን ዞር ለማለቱ አይገባውም። እንጨቱን ነክሶ የሚነጥቅ ከሆነ ሊነካው ሲል ብቻ አሳይተው ቶሎ ያንሡት። ከፈራው ርቀቱን ይጨምሩ፤ ለማየት ብቻ እንኳ ይሸልሙት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሰው የሚሳሳተው «ዛሬ ደስ ብሎታል» ብሎ ወደ 20 ደቂቃ ሲያስረዝመው ነው፤ ሲሰለቸው ይነክስና የቀኑ ሥራ በንክሻ ያልቃል።

እንጨቱን በደንብ ከነካ በኋላ ጫፉን በጥቂቱ እያራቁ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ያስከትሉት። አሁን ወፉን ያለ እጅ የትም መውሰድ ይችላሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ችግሩ እዚህ ላይ ግማሹ ያልቃል፤ ምክንያቱም ከኬጅ ለማውጣትና ለማስገባት መታገል ይቀራል።

እጅ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ክንድዎን በመንገዱ ላይ እንደ ቅርንጫፍ አድርገው ያሳርፉ፤ ወደ ወፉ አይግፉት። በእንጨቱ እየመሩ አንድ እግሩን ሲያሳርፍ «ጎሽ!» ብለው ይሸልሙ። ሁለቱንም እግር ሲያሳርፍ እንደገና። ሳያመነታ መውጣት ሲጀምር «ውጣ» የሚለውን ቃል ይጨምሩ። ከዚያ ክንድዎን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው መልሰው ያውርዱትና ይሸልሙ። መውረድም እንደ መውጣት ይሠለጥናል፤ የሚረሳው ግን እሱ ነው። በተጨማሪ ከ5 መውጣት 4ቱ በጉርሻ ወይም በጨዋታ ይለቁ። እጅ ላይ መውጣት ሁልጊዜ በኬጅ መዘጋት የሚያበቃ ከሆነ ወፉ በሁለት ቀን ውስጥ ይነቃበታል።

ውጭ ሲሆን ለማዳ ነው፤ እጄን ኬጁ ውስጥ ሳስገባ ግን ይነክሳል።

ቤቱ ነው። ከውጭ የሚከፈቱ የሰሃን በሮች ያሉት ኬጅ ይምረጡ። ከሌለው በእንጨቱ ወደ ሌላኛው ጫፍ አስከትለው እዚያ ጉርሻ እየበላ ሳለ ሰሃኑን ይቀይሩ። ጽዳቱን ደግሞ ወፉ ውጭ በሚሆንበት ሰዓት ያድርጉት። የሚደበቅበት ሣጥን፣ የጨርቅ ጎጆ ወይም የሚቦጫጭቀው የወረቀት ክምር ካለ ያውጡ፤ ጎጆ የያዘ መስሎት ስለሚጠብቀው ነው።

ባለቤቴን ይወዳል፤ እኔ ስቀርብ ግን ይነክሰኛል። አንዳንዴ እንዲያውም እሷኑ ይነክሳል።

በቀቀን አንዱን የቤት ሰው እንደ ጥንድ ሊመርጥ ይችላል። እሷን መንከሱ እርስዎ ላይ መድረስ ሲያቅተው ንዴቱን አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ማውጣቱ ነው። እርስዎ ሲገቡ እሷ ላይ ከተቀመጠ እሷ ቀድማ በማረፊያው ላይ ታስቀምጠው። ከዚያ ተወዳጁ ጉርሻ ለጥቂት ሳምንታት ከእርስዎ እጅ ብቻ ይምጣ፤ እሷ ተራውን ምግብ ትስጥ። ሥልጠናውን ሲሠሩ እሷ ክፍሉ ውስጥ ባትኖር ይሻላል። እሷም ጀርባውንና ከክንፉ ሥር መደባበስ ታቁም፤ እዚያ መንካት ለበቀቀን የጥንድ ጥያቄ ነው። ራሱና አንገቱ ይበቃዋል።

ዓረብ አገር ሰው ቤት እሠራለሁ። ካስኮው ለማዳም ሰላም ነው፤ ለማጽዳት ስቀርብ ግን ይነክሰኛል።

ለወፉ አንቺ መጥረጊያ፣ ጨርቅና የሚሸት ውሃ ይዛ ቤቱ የምትገባ ሰው ነሽ፤ ጉርሻ የምትሰጠው ደግሞ ማዳም ናት። በዚህ ላይ ሥራው ስለሚያጣድፍ እጅሽ ይፈጥናል፤ ካስኮ ደግሞ ፈጣን እጅ አይወድም። የሱፍ አበባ ፍሬ ኪስሽ ውስጥ ያዢና ምንም ሥራ በሌለሽ ሰዓት ሁሉ ስታልፊ ሰሃኑ ውስጥ ጣል አድርጊለት። ስታጸጂ ወፉ ውጭ እንዲሆን፣ ወይም ማዳም እንድትይዘው ጠይቂ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፣ ለወፉም የሚበጀው ይኸው ነው። ሊነክስ ከመጣ እጅሽን ሳይሆን ሰሃኑን ወይም ትሪውን በመካከላችሁ አድርጊ።

የደረቀ ኩሱን በደረቁ አትጥረጊ፤ በውሃ አርጥበሽ፣ አፍና አፍንጫሽን በማስክ ሸፍነሽ ጥረጊ። ከኩሱ አቧራ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ አለ። በረኪና ከተጠቀምሽ ወፉ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ታጥቦ ሽታው ከጠፋ በኋላ ይመለስ።

ለዓመታት ለማዳ የነበረ ወፍ በድንገት ነካሽ ሆነ።

በመጀመሪያ በሽታን ያስቡ። በቀቀን ሕመሙን ይደብቃል፤ ንክሻ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ላባውን ነፍቶ መዋል፣ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ማለት፣ የኩሱ መልክ መለወጥ፣ ማረፊያው ላይ መቆም አቅቶት ታች መቀመጥ ካለ ሐኪም ዛሬውኑ ይየው። ግራም በሚለይ የማእድ ቤት ሚዛን ጠዋት ጠዋት ከመብላቱ በፊት ይመዝኑት፤ ከክብደቱ 10 በመቶ ከቀነሰ አሳሳቢ ነው። የወፍ ሐኪም በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ይህ ሚዛን ከምንም ነገር ይበልጣል። ላባ በሚቀይርበት ወቅትም አዲስ የሚወጡት ላባዎች ሲነኩ ያሙታል።

ሁለተኛው ብርሃንና እንቅልፍ ነው። ቀን ሲረዝም አካሉ ለመራባት ይዘጋጃል፣ ቁጡም ይሆናል። አዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ፀሐይን መውቀስ አይቻልም፤ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራው የሳሎን መብራትና ቴሌቪዥን ነው ቀኑን የሚያስረዝመው። ስቶክሆልም ግን በታኅሣሥ 6 ሰዓት የነበረው ብርሃን በሰኔ ከ18 ሰዓት ያልፋል፤ እዚያ ጥቁር መጋረጃ ግድ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥ ባለ ጨለማ ክፍል ያሳድሩት። ብዙ ነካሽ ወፍ እንቅልፍ ያጣ ወፍ ነው።

ጢስንም አይርሱ። የወፍ ሳንባ ከሰው ይልቅ ለጢስ ስስ ነው፤ ዕጣን ሲጤስና ቡና ሲቆላ ሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮቱ ይከፈት። ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድለዋል።

ከጫካ የተያዘ በቀቀን ሊሸጡልኝ ነው። ይለምዳል?

አይግዙ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ፊቱ ቢጫ የሆነው አረንጓዴ በቀቀን፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ያለው ጥቁር ክንፍ ላቭበርድ የዱር ወፎች ናቸው፤ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ካስኮም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ በሆነው የመጀመሪያ ዝርዝር ውስጥ ነው። ድንበር የሚሻገር ሰው ያለ ወረቀት ቢይዘው ሊወረስበት ይችላል። ከሕጉም ባሻገር፣ በወጥመድ የተያዘ ትልቅ ወፍ የሰው እጅን የሚያውቀው እንደ አዳኝ ነው።

ልጆች ባሉበት ቤትስ?

ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በእጁ አያብላው። ጉርሻውን በረጅም ማንኪያ ላይ አድርጎ ይስጥ። ወፉ ውጭ ሲሆን ሁልጊዜ አዋቂ በአጠገቡ ይኑር፤ ጣት በሽቦው ማስገባት ደግሞ ለማንም አይፈቀድ።

ነክሶኝ ደማሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ይይዘኛል?

አይይዝዎትም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፉት አጥቢ እንስሳት ናቸው፤ ለወፍ ንክሻ ያንን መርፌ መወጋት አያስፈልግም። ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ5 ደቂቃ ይጠቡ፤ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው ለ10 ደቂቃ ሳያነሡ ይጫኑት። ፊት፣ ዓይን አካባቢ ወይም የጣት መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ጥልቅ ከሆነ፣ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ከ5 ዓመት በላይ ከሆነም ይናገሩ። በሁለት ቀን ውስጥ መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል ከታየ አይጠብቁ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ከመጣ ደግሞ ቤትዎ በቀቀን እንዳለ ለሐኪሙ ቀድመው ይንገሩ፤ ካልተነገረው ከኩስ አቧራ የሚተላለፈውን የሳንባ በሽታ ላያስበው ይችላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ምልክቱን አይቶ እጅን ማቆም ከዛሬ ጀምሮ የንክሻውን ቁጥር ይቀንሳል። በእጅ ላይ እምነት ለመመለስ ግን ከ6 ሳምንት እስከ ብዙ ወራት ይወስዳል፤ ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሲዟዟር የኖረ ወፍ ይበልጥ ይዘገያል። መሃል ላይ ድንገት ብሶበት የሚነክስበት ሳምንት ይመጣል፤ ሲሠራ የኖረው ዘዴ አልሠራ ሲለው አጠንክሮ መሞከሩ ነው። በዚያ ሳምንት እጅዎን ፈጥነው ካነሡለት አጥብቆ መንከስ እንደሚያዋጣ ይማራል። ስለዚህ እዚያ እስከሚያደርስ አይግፉት፤ ሥልጠናውን ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ መልሰው፣ ከእንጨቱ ጫፍ እንደገና ይጀምሩ።